የታክስ መስመርና የመኪና ቅርጽ፦ ከዲትሮይት እስከ አርሲ ደጋ

መግቢያ

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚዘልቀው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዚህ ርቀት ውስጥም ተጓዡን ወደ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣዋል። በመንገዱ ላይ የሚተላለፉት ተሽከርካሪዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው፦ የቢራ ገብስና ስንዴ የጫኑ አይሱዙዎች፣ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሚኒባሶችና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች፣ በየከተማው መግቢያ ባጃጆችና የፈረስ ጋሪዎች፣ በመካከላቸውም ትንንሽ የቤት መኪኖች። ለተመልካች ይህ ሁሉ የገዢዎች ምርጫ ድምር ብቻ ይመስላል፤ አቅሙ የፈቀደለት ትልቁን፣ ያልፈቀደለት ትንሹን የገዛ።

ይሁን እንጂ የመኪና ዓይነት ገዢው ዘንድ ከመድረሱ አስቀድሞ በሁለት ቦታ ይወሰናል። አንደኛው የአምራቹ የትርፍ ስሌት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መንግሥታት አንዱን ተሽከርካሪ ከሌላው ለመለየት በሕግ የሚያሰምሩት መስመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሜሪካ መኪና አምራቾች ከሴዳን ወደ ፒክአፕና ኤስዩቪ ያደረጉትን ሽግግር መነሻ በማድረግ ሁለቱ ውሳኔዎች እንዴት እንደሚተሳሰሩ ማብራራት፣ ተመሳሳይ አሠራር በኢትዮጵያ ምን ዓይነት መኪና እንዳስገባ ማሳየት፣ በመጨረሻም ጉዳዩ ለአርሲ ደጋ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ነው።

ሴዳንን የተዉት ኩባንያዎች

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018 ፎርድ ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ ገበያ ከማስታንግና ከአንድ የፎከስ ዝርያ በቀር ሴዳንና መሰል የቤት መኪኖቹን ከምርት እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያ ገበያ ከሚያቀርባቸው ተሽከርካሪዎች 90 በመቶ ያህሉ ፒክአፕ፣ ኤስዩቪና የሥራ መኪና እንደሚሆኑም ገለጸ። ፎርድ በዚህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ፊያት ክራይስለር ዶጅ ዳርትንና ክራይስለር 200ን ለማቆም የወሰነው በ2016 ነው። ጄኔራል ሞተርስ በበኩሉ በኖቬምበር 2018 ከምርት መርሐ ግብር ውጭ የሚሆኑ ፋብሪካዎቹን ሲያሳውቅ ሼቭሮሌት ክሩዝ የተባለችው ሴዳን የምትመረትበት የሎርድስታውን ፋብሪካ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ፋብሪካው በማርች 2019 ሥራውን አቆመ፤ ሠራተኞቹም ወይ ወደ ሌላ ግዛት መዛወር ወይ ሥራቸውን ማጣት ግድ ሆነባቸው።

ከዚህ ታሪክ ትኩረት የሚሻው ነጥብ የተተዉት መኪኖች ገዢ ያላጡ መሆናቸው ነው። ፊውዥን የተባለችው የፎርድ ሴዳን እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ብቻ ከ200,000 በላይ ተሸጣለች። ኩባንያውም በዚያ ዓመት ትርፋማ ነበር። ስለዚህ ውሳኔውን በሽያጭ መጠን ማነስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ መታየት ያለበት ከእያንዳንዱ መኪና የሚገኘው ትርፍ ነው።

የመኪና ወጪ በአብዛኛው ከመኪናው ግዝፈት ጋር እኩል አያድግም። የዲዛይን ሥራው፣ የአደጋ ፍተሻው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ መሪው፣ ዳሽቦርዱ፣ የመገጣጠሚያው ሰዓት በትንሹም በትልቁም መኪና ተቀራራቢ ነው። ልብስ ሰፊ ለልጅ ካፖርትና ለአዋቂ ካፖርት የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ እንደማይለያይ፣ ልዩነቱም በአብዛኛው በጨርቁ ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ በመኪናም የሚጨምረው በአብዛኛው ብረቱ ነው። ገዢው ግን ለከፍታ፣ ለስፋትና ለግርማ ሞገስ የሚከፍለው ዋጋ ከብረቱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ኤክስፕሎረር የተሠራው ሬንጀር በተባለው ፒክአፕ መሠረት ላይ ነበር። የመሠረቱ ወጪ አስቀድሞ ስለተሸፈነ፣ በላዩ ላይ የተጨመረው መቀመጫና ምቾት በአመዛኙ ወደ ትርፍ ተለወጠ።

መስመሩን ያሰመረው ሕግ

የትርፍ ስሌቱ ብቻውን ግን ለምን ፒክአፕና ኤስዩቪ የአሜሪካ ኩባንያዎች ምሽግ እንደሆኑ አይገልጽም። ለዚህ መልሱ የሚገኘው ከሕግ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ አገሮች በአሜሪካ የዶሮ ሥጋ ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ጣሉ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በአጸፋው በጥቂት ሸቀጦች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ደነገጉ፤ ከእነዚህ አንዱ ቀላል የጭነት መኪና ነበር። በሌሎቹ ሸቀጦች ላይ የተጣለው ቀረጥ ከጊዜ በኋላ ሲነሣ በጭነት መኪናው ላይ ያለው ጸና፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የዶሮ ታክስ» ነው። ከውጭ በሚገባ የቤት መኪና ላይ ለረጅም ዘመን የተጣለው ቀረጥ 2.5 በመቶ ብቻ ስለነበር፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሴዳን ከኮሮላና ከሲቪክ ጋር ፊት ለፊት ሲወዳደሩ በፒክአፕ ግን በቀረጥ ግንብ ተከልለው ኖሩ።

ሁለተኛው መስመር የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ነው። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ ማሟላት ያለባቸውን የነዳጅ ቁጠባ ደረጃ እንዲወሰን አዘዘ። ለቤት መኪኖች ደረጃው በኋላ በጋሎን 27.5 ማይል፣ ማለትም በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለቀላል የጭነት መኪኖች ግን ከ1996 እስከ 2004 በጋሎን 20.7 ማይል፣ ማለትም በሊትር 8.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሕጉ ዝቅ ያለውን ደረጃ ያስቀመጠው ገበሬውንና የእጅ ባለሙያውን በማሰብ ነበር። ኤስዩቪ በጭነት መኪና መሠረት ላይ የተሠራ በመሆኑ በዚሁ ምድብ ተመዘገበ፤ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ የከተማ መኪናም ለገበሬው በታሰበው በር ገባ። በ1978 ነዳጅ በሚያባክኑ መኪኖች ላይ የተደነገገው ታክስም እንዲሁ የቤት መኪኖችን እንጂ ይህን ምድብ አልነካም።

ትርፉና መስመሩ በዚህ መልኩ ተደጋገፉ። ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን ወደ ተጠበቀው ምድብ አዞሩ፤ ገንዘቡ በዚያ ሲፈስ መኪኖቹ ይበልጥ ምቹና ማራኪ ሆኑ፤ የገዢው ፍላጎትም ተከተለ። አደጋው የታየው በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብና የፋይናንስ ቀውሱ ሲከተል ነው። ትርፋቸውን በአንድ ምድብ ላይ የከመሩት ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ኪሳራ አውጀው በመንግሥት ገንዘብ ተረፉ። ያም ሆኖ ሽግግሩ አልተገታም፤ የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚያመለክተው በ2023 በዓለም ከተሸጡት የቤት መኪኖች ግማሽ ያህሉ ኤስዩቪዎች ነበሩ።

የ1300 ሲሲ ገደብ

ኢትዮጵያ ከውጭ የሚገቡትን መኪኖች የምትለይበት መስመር ከአሜሪካው የተለየ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የቤት መኪኖች በሲሊንደር ይዘታቸው በሦስት ተመድበው ነበር፦ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለአዲስ መኪኖች ሁለቱን ላይኛ እርከኖች እንደነበሩ ትቶ የታችኛውን ከ30 ወደ 5 በመቶ አወረደው። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ደግሞ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር እጅግ የሚከብድ ታክስ ጣለ።

የገደቡን ጉልበት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የጉምሩክ ቀረጡን ጨምሮ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነ አዲስ መኪና ይወሰድ። በላዩ ላይ ኤክሳይዝ፣ ቀጥሎ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያም 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታሰባል። ሞተሩ ከ1300 ሲሲ ካልበለጠ ድምሩ 1,328,250 ብር ይሆናል፤ 1301 ሲሲ ከሆነ 2,024,000 ብር፤ ከ1800 ሲሲ ካለፈ 2,530,000 ብር። በሁለቱ ታችኛ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት 695,750 ብር ነው። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የሲሊንደር ይዘት ደግሞ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው።

ገበያው ይህን መስመር በትክክል አንብቦታል። የሲሊንደር ይዘቱ 1,298 ሲሲ የሆነው ቪትዝ ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ መካከለኛ ገቢ ቤተሰብ መኪና የሆነው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ከገደቡ በሁለት ሲሲ ዝቅ ብሎ በመገኘቱም ነው። ከ2012ቱ አዋጅ በኋላ ደግሞ አሮጌው መኪና ሲከብድ አዲሱ ትንሽ መኪና ቀለለ፤ በዚህም ሕንድ ሠራሽ የሆነችው ባለ 1.2 ሊትር ሱዙኪ ዲዛየር የአዲስ አበባን ጎዳናዎችና የራይድ አገልግሎትን ሞላች።

የዲዛየር ቅርጽ ራሱ የሌላ አገር ታክስ ውጤት ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ርዝመታቸው ከ4 ሜትር በታች፣ የቤንዚን ሞተራቸውም ከ1200 ሲሲ ያልበለጠ መኪኖችን ኤክሳይዝ ቀነሰች። በ2008 ስትቀርብ 4.16 ሜትር ትረዝም የነበረችው ዲዛየር በ2012 እንደገና ስትሠራ ወደ 3.995 ሜትር አጠረች፤ የኋላ ሻንጣ ቦታዋ የተቆረጠ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካ ሴዳንን እየተወች በነበረበት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሴዳን ያበበችው የኢትዮጵያ ገዢ ጣዕም ከአሜሪካዊው ስለተለየ ብቻ አይደለም። የሁለት አገሮች የታክስ መስመሮች በአንዲት ትንሽ መኪና ላይ ስለተገናኙም ነው።

መስመሩ ሲነሣ

የኤሌክትሪክ መኪና ሲሊንደር የለውም። ስለዚህ በሲሊንደር ይዘት ላይ የቆመ ታክስ ሊለካው አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚገቡት ደግሞ እንዳይከፍሉ ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና ኤሌክትሪክ ከራሷ ወንዞች ለምታመነጭ አገር የውሳኔው ዓላማ ግልጽ ነው።

በመኪናው ዓይነት ላይ ያስከተለው ለውጥ ግን ብዙም አልተመረመረም። የ1300 ሲሲ ገደብ ሲነሣ ገዢውን ወደ ትንሽ መኪና የሚገፋው ኃይልም አብሮ ተነሣ። እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቢገቡም፣ በከተማው ጎልተው የታዩት ከቻይና የሚመጡት ቮልስዋገን አይዲ 4 እና ባለ ሰባት መቀመጫው አይዲ 6 ናቸው፤ ሁለቱም ኤስዩቪዎች ናቸው። ነፃ የማድረግ ጥቅም ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ የሚያድግ በመሆኑ ትልቁን የገዛ ከመንግሥት የተተወለት ገንዘብም ትልቅ ነው። በአንጻሩ ነዳጅ ቆጣቢዋ ባለ 1.2 ሊትር ሴዳን ከግዙፉ ቪ8 ጋር በአንድ ክልከላ ሥር ወደቀች። አሜሪካ በጭነት መኪና ምድብ በኩል የደረሰችበት ቦታ ላይ ኢትዮጵያ ምድቡን በማንሣት ልትደርስ ትችላለች።

የጭላሎ ትራክተሮች

አንድ የተሽከርካሪ ምድብ በታክስ መወደዱ የሚያስከትለውን ውጤት አርሲ ከማንም በፊት አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና መቀመጫውን አሰላ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛ ገበሬዎች ያቀርብ፣ በበሬ የሚጎተቱ የተሻሻሉ መሣሪያዎችንም ይሞክር ነበር። በዚያው ዘመን የመንግሥት ፖሊሲ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ለማበረታታት ትራክተርንና የእርሻ መሣሪያን ያለ ቀረጥ ያስገባ ነበር።

ሁለቱ ፖሊሲዎች በጭላሎ አውራጃ ላይ ተጋጩ። በአዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ምርት ሲጨምር መሬቱን ለጭሰኛ ከማከራየት ይልቅ ባለቤቱ ራሱ፣ ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣ ኮንትራት አራሽ፣ በትራክተር ቢያርሰው የበለጠ ያተርፍ ጀመር። ቀረጥ ያልተከፈለበት ትራክተር ከበሬና ከጭሰኛ ጉልበት ጋር ሲወዳደር ዋጋው ሰው ሠራሽ በሆነ መንገድ ዝቅ ያለ ነበር። ብዙ ጭሰኞችም ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። የመፈናቀሉ ሥር የመሬት ይዞታው ሥርዓት እንጂ ታክሱ አልነበረም፤ ታክሱ ግን አፋጠነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመጣው ይህ ሁኔታ በጭላሎ በይፋ ከታየ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ትራክተር ጎጂ ነው የሚል አይደለም፤ ዛሬ የአርሲ ስንዴ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በኪራይ ኮምባይነር ነው። ትምህርቱ በምድብ ስም የሚሰጥ የታክስ ጥቅም ማን ዘንድ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ በሎርድስታውን እንደታየውና በጭላሎ እንደታየው፣ ወጪውን የሚሸከመው በስሌቱ ውስጥ ያልነበረ ሰው መሆኑ ነው።

ዳገቱና ቀጭኑ አየር

ለአርሲ ደጋ ትክክለኛው የመኪና መለኪያ ምን ሊሆን ይችላል? የሲሊንደር ይዘት ለደጋ ነዋሪ ፍትሐዊ መለኪያ አልነበረም። አሰላ ወደ 2,430 ሜትር፣ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። አሰላ ላይ 1300 ሲሲ ሞተር የሚስበው አየር በባሕር ጠለል 1000 ሲሲ ሞተር ከሚስበው ብዙም አይበልጥም። የበቆጂን ሯጮች ያጠነከረው ቀጭን አየር ሞተርን ያደክማል፤ አዋጁ ግን ሲሊንደሩን እንጂ የሚገባበትን አየር አይለካም ነበር። ደገኛው አሽከርካሪ ዳገቱን ለመውጣት ትልቅ ሞተር ሲፈልግ ወደሚከብደው የታክስ እርከን ይወጣ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ይህ ችግር የለበትም፤ በዚህ ረገድ ለደጋው የተመቸ ነው። በእርሱ ፋንታ ክብደት ወሳኝ ይሆናል። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለውን የ800 ሜትር ከፍታ ልዩነት ለመውጣት ብቻ፣ የመንገዱንና የነፋሱን ግጭት ሳይጨምር፣ 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይፈልጋል፤ 2,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኤስዩቪ ደግሞ 4.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ቁልቁል ሲመለስ ከፊሉ ወደ ባትሪው ቢመለስም ቀሪው ይባክናል። ክብደቱ ጎማውንና መንገዱንም ይበላል፤ ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክብደትን የታክስ መሠረት ማድረግ እንግዳ አሳብ አይደለም። ጃፓን የመኪና ክብደት ታክስ መጣል ከጀመረች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ለኤሌክትሪክ መኪና ከማንም በላይ ማበረታቻ የሰጠችው ኖርዌይም እ.ኤ.አ. በ2023 በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም 12.5 ክሮነር ማስከፈል ጀመረች። እንዲህ ያለው መለኪያ የኤሌክትሪክ መኪናን ከነዳጅ መኪና አይለይም፤ ቀላሉን ከከባዱ ግን ይለያል። የራሱ ጉድለትም አለው፦ ሳይለይ ከተጣለ ድንችና ገብስ የሚጭነውን ትንሽ የሥራ መኪና ከከተማ ኤስዩቪ ጋር እኩል ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ የጭነት ምድብ መኖሩ ተገቢ ነው፤ የአሜሪካ ተሞክሮ እንደሚያሳየው ግን ምድቡ መወሰን ያለበት መኪናው በምን መሠረት ላይ እንደተሠራ በማየት ሳይሆን በመጫን አቅሙና በሚሠራው ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

የአሜሪካ ኩባንያዎች ሴዳንን የተዉት ገዢ ስላጡ አይደለም፤ ሕግ በለየው ምድብ ውስጥ ከአንድ መኪና የሚገኘው ትርፍ ስለበለጠ ነው። በኢትዮጵያም የ1300 ሲሲ ገደብ ትንሿን ሴዳን አነገሠ፤ ገደቡ ለኤሌክትሪክ መኪና ሲነሣ ኤስዩቪው ቦታውን መውሰድ ጀመረ። በሁለቱም አገሮች ገዢው የመረጠው አስቀድሞ ከተዘረጋለት ዝርዝር ውስጥ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ጥያቄዎች ለቀጣይ ጥናት ክፍት ናቸው። አንደኛ፣ በአርሲ ወረዳዎች የተመዘገቡ ተሽከርካሪዎች ዓይነትና ክብደት ከ2012 እና ከ2014 ዓ.ም. ውሳኔዎች ወዲህ እንዴት ተለወጠ? ሁለተኛ፣ ከኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ነፃነት ከከተማ ውጭ የሚኖረው ሕዝብ ያገኘው ድርሻ ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፣ ከኢተያና ከሳጉሬ ማሳዎች ምርት ወደ ገበያ ለማውጣት የሚመጥነው ቀላል የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ምን ያህል ክብደት፣ ምን ያህል የመጫን አቅምና ምን ዓይነት የኃይል መሙያ ጣቢያ ያስፈልገዋል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አስቸኳይ ነው፤ የሚቀጥለው የታክስ መስመር ሲሰመር ለገበሬው የሚሆነው መኪና አስቀድሞ ካልታወቀ በመስመሩ ውስጥ ቦታ አያገኝምና።